ለሚያዛጋው ስክሪን ባለቤት

ለተከበሩ የሥራ ተነሣሽነት፣ የፉክክርና የደስታ ማስተባበሪያ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የአክሊል መውረድን ስለ ማሳወቅ፣ ምስጋና ስለ ማቅረብ፣ እንዲሁም ሰኞ ሦስት ሰዓት ከመድረሱ በፊት አንድ ነገር ስለ መለመን

ክቡር ሆይ፤

በጥገና ክፍላችን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ስክሪን አናት የሚታየው፣ በሦስት ቀለም የተሣለውና በየአምስት ሰከንዱ ብልጭ የሚለው የወርቅ አክሊል፣ ትናንት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ላይ ከእኔ ስም ላይ ወርዶ በጎሚስታው ስም ላይ ያረፈ መሆኑን በጥልቅ ሐዘንና በሙሉ የኃላፊነት ስሜት አስታውቃለሁ። አክሊሉ በስሜ ላይ አሥራ አንድ ሳምንት ቆይቷል። በሚወርድበት ጊዜ በሰውም ሆነ በንብረት ላይ የደረሰ ጉዳት የለም፤ ጉዳቱ የደረሰው ከዚያ በፊት ነው፤ በተራው አመጣዋለሁ። ጎሚስታው ግን አክሊል መድፋቱን ሲያይ፣ መርዶ እንደ ተነገረው ሰው መፍቻውን መሬት አስቀምጦ ቆቡን አውልቋል።

ይህን ከባድ ዜና ከሰላምታ በማስቀደሜ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎስ? እንቅልፍዎስ? ቀኑን ሙሉ የእኛን ነጥብ ሲመለከቱ የሚውሉት ዐይኖችዎ ብርሃናቸው እንዳይደክም፣ ለእኛ ደስታ ሲጨነቅ የሚያድረው ልብዎ ምቱ እንዳይዛባ ዘወትር እንመኛለን። እኛ ከአንድ የእጅ አንጓ በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

እኔ በከተማው አውቶቡሶች ማደሪያ ግቢ፣ በሁለተኛው የፍሬን ጉድጓድ የምሠራ መካኒክ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው በዝግ የመጻፍ ወግ ጠፍቶኝ ሳይሆን፣ በዚህ ሳምንት በዝግ የላክሁልዎት ሁለት ደብዳቤዎች "አስተያየትዎን ስላካፈሉን አምስት ነጥብ ተጨምሮልዎታል" የሚል መልስ ይዘው ስለ ተመለሱ ነው። ነጥቦቹ ደርሰውኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ጉዳዩ ግን ነጥብ አልነበረም። ጉዳዩ፣ የሥራ ባልደረባዬ ጋሼ ጆሮ ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀርበው፣ ሃያ ስድስት ዓመት ከሠሩበት ጉድጓድ ሊባረሩ መሆኑ ነው። ዛሬ ዐርብ ነው። ስለዚህ ቅሬታዎቼን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቼን ማለቴ ነው፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ መጠይቁን በሚመለከት።

የዛሬ አራት ወር ገደማ ክፍልዎ ስምንት ጥያቄ ያለበት ወረቀት አድሎን ነበር። አራተኛው ጥያቄ "ጠዋት ከአልጋዎ የሚያስነሣዎት ምንድን ነው?" ይላል። እኛም በሕይወታችን እንዲህ ያለ ነገር ጠይቆን የሚያውቅ ስላልነበረ፣ እጃችንን በሳሙና ሁለቴ ታጥበን፣ ወረቀቱ ግራሶ እንዳይነካው ከሥሩ ጋዜጣ አንጥፈን፣ ከአንገት በላይ ሳይሆን ከልባችን ሞላነው።

ጎሚስታው "ሰው ሲጠራኝ" ብሎ ጻፈ፤ እውነቱን ነው። ይህ ሰው ክሪክ አምጣ ከመባሉ በፊት ክሪክ ይዞ ከኋላህ ቆሞ የሚገኝ፣ የሌላው ቡሎን እምቢ ሲል የራሱን ጎማ ትቶ የሚሮጥ ሰው ነበር። ነበር ያልሁትን ልብ ይበሉልኝ። ኤሌትሪሺያኗ "ልጄ" ብላ ጻፈች፤ ልጇን ከትምህርት ቤት ለማምጣት አሥር ሰዓት ላይ ከበር መውጣት እንዳለባትም ጨምራ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ጋሼ ጆሮ በበኩላቸው "ጉልበቴ፤ ሲነጋጋ ይቆረጥመኛል" ብለው ከሞሉ በኋላ፣ "ተጨማሪ አስተያየት ካለዎት" በሚለው ባዶ ቦታ ላይ ቀስ ብለው እንዲህ ጻፉ፦ "የዳነ ፍሬን ድምፅ የለውም። ዝም ሲል ደስ ይለኛል።" የእኔን መልስ ለጊዜው እዘለዋለሁ።

ወረቀቶቹ ተሰብስበው ሄዱ፤ ጨዋታውም ከአንድ ወር በኋላ መጣ። ክቡር ሆይ፣ የመጣው ጨዋታ አንዳችንንም አይመስልም፤ ቁርጥ እርስዎን ነው። ደንበኞቹን አሰልፎ አንድ በአንድ ከለካ በኋላ፣ ሜትሩን ኪሱ ከትቶ በራሱ ወገብ ልክ ለሁሉም ሱሪ የሰፋ ልብስ ሰፊ ያጋጠመን ያህል ነው። ሱሪው ለአንዱ ወለቀ፣ ለአንዱ ጠበቀ፣ አንዷን ጠልፎ ጣለ። እርስዎ ላይ ግን እንዴት አምሯል!

በምረቃው ዕለት ያደረጉልንን ንግግርም አንረሳም። በአሮጌ ጎማ ላይ ቆመው፣ እጅዎን ዘርግተው፣ "በእያንዳንዳችሁ ውስጥ አንድ ሻምፒዮን ተኝቷል!" ሲሉ፣ ከኋላ የቆሙት ጋሼ ጆሮ "እንግዲያው አትቀስቅሱት፤ የሌሊት ፈረቃ አድሮ ይሆናል" ብለው ሰዉን ያሳቁት እኒሁ ሰኞ የሚቀርቡት ሰው ናቸው። ያን ጊዜ እርስዎም ፈገግ ብለው ነበር። ስማቸውን ጠይቀው ማስታወሻ ላይ ሲጽፉ ግን ፈገግታው አልነበረም።

፪ኛ፦ ጨዋታውን ራሱን በሚመለከት።

ይህን ደብዳቤ ከግቢያችን ውጭ የሚያነብ ሰው እንዳይቸገር ሕጉን ባጭሩ ላስረዳ። ለእያንዳንዳችን ታብሌትና የጨዋታ ስም ተሰጠን። ለተመረመረ ጎማ አሥር ነጥብ ይሰጣል። አንድ አውቶቡስ ከሃያ ደቂቃ በታች ካለቀ ነጥቡ እጥፍ ሆኖ ከስም አጠገብ እሳት ይነድዳል፤ ጭብጨባም ይሰማል። አውቶቡስ "አልወጣም፣ ይመለስ" ብሎ የከለከለ ሠራተኛ አሥራ አምስት ነጥብ ይቀነስበታል። ታብሌቱን አምስት ደቂቃ ያልነካ ሰው ደግሞ ስሙ ላይ ቀንድ አውጣ ወጥታ ነጥቡን እየበላች ትቀመጥበታለች፤ በዚያው ቅጽበት ስክሪኑ ያዛጋል። አዎ፣ ያዛጋል። "ኣ...ዋዋዋ" እያለ፣ ባዶ አውቶቡስ ውስጥ ሳይቀር በሚሰማ ድምፅ ያዛጋል። በሦስት ወሩ መጨረሻ የመጨረሻው ሰው ስሙ ለኮሚቴ ይተላለፋል።

ለዚህ ሁሉ ምስጋናችን ወሰን የለውም። ጎሚስታው አሁን ክሪኩን ከወንበሩ እግር ጋር በሰንሰለት አስሮ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ባለፈው ሰሞን "ወንድሜ፣ ለአምስት ደቂቃ አውሰኝ" ስለው፣ "ያንተ ሲወጣ የኔ ይወርዳል እኮ" አለኝ፤ ዐይኔን ማየት ግን አልቻለም፤ ጎማውን ነው ሲያየው የነበረው። ሰው ሲጠራው ከአልጋ የሚነሣውን ሰው፣ ሲጠሩት የማይሰማ ማድረግ ቀላል ሙያ አይደለም።

ኤሌትሪሺያኗም ባለ ዕድል ናት። የአንደኛ ሽልማት የቅዳሜ ልዩ ውድድር ነው፤ የሁለተኛ ሽልማት ተጨማሪ ፈረቃ ነው፤ የሦስተኛ ሽልማት ከሥራ በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከእርስዎ ጋር የሚደረግ የምክክር ጊዜ ነው። ልጇ አሥር ሰዓት ላይ በር ላይ ቆማ የምትጠብቃት እናት ከሦስቱ የትኛውን ትመርጣለች? አራተኛነትን ነዋ! በየማለዳው እርሳስ ይዛ ከላይዋና ከታችዋ ያሉትን ነጥብ ደምራ ቀንሳ፣ ሦስተኛ እንዳትወጣ ከሰዓት በኋላ ሥራ ታቀዘቅዛለች፤ ወደ ታች እንዳትወርድ ደግሞ ጠዋት ትሮጣለች። "የመብራት ገመድ መዘርጋት እንዲህ አድክሞኝ አያውቅም፤ አራተኛ መሆን ገደለኝ እኮ" ትላለች። በሙያዋ ወደር የላትም፤ የተሸለመችበት ሙያ ግን ሒሳብ ሆኗል።

እኔስ? እኔ አክሊል ነበረኝ። እናቴ ወሬውን ሰምታ "ታዲያ ለምን አንድ ቀን አድርገኸው አትመጣም? ጎረቤት ይየው" ስትለኝ ስክሪን ውስጥ ያለ መሆኑን ማስረዳት አቃተኝና "መሥሪያ ቤት ነው የሚያድረው" አልኋት። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ሲባል እሰማ ነበር፤ ውሃው እያጨበጨበም እንደሚወስድ ያስተማረኝ ክፍልዎ ነው።

፫ኛ፦ መቀመጫን በሚመለከት።

በግቢያችን ውስጥ በደንብ መጽሐፍ ያልተጻፈ አንድ ልማድ ነበረ። ፍሬን የሠራ መካኒክ ሥራውን ሲጨርስ እጁን ጠርጎ አይሄድም። አውቶቡሱ ውስጥ ገብቶ፣ በገዛ እጁ ከሠራው ጎማ በላይ ባለው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ሹፌሩ ግቢውን አንዴ ይዞርና ከነዳጅ ጋኑ ጀርባ ባለው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ይፈትሻል። ሃያ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ይህን ለጋሼ ጆሮ ያስተማሯቸው አለቃቸው፣ "በሠራኸው ላይ ተቀመጥ፤ እጅህ ቢዋሽ መቀመጫህ ይመሰክርብሃል" ይሉ ነበር አሉ። ለእኔም ጋሼ ጆሮ በመጀመሪያ ቀኔ ይህንኑ አሉኝ፤ እኔም ሳቅሁ። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ቁልቁለቱን ስጀምር ግን ሳቄ ወዴት እንደ ገባ አላውቅም። በሰው ነፍስ የሚሠራ ሰው የራሱን ነፍስ አንድ ጊዜ በላዩ ላይ ሲያስቀምጥ፣ ቡሎን ማጥበቅ ምን እንደ ሆነ ይገባዋል።

ክቡር ሆይ፣ ጨዋታዎ ውስጥ ለመቀመጥ የሚሆን ቁልፍ የለም። የተቀመጠ ሰው ታብሌት አይነካም፤ ታብሌት ያልነካ ሰው ቀንድ አውጣ ይሸከማል፤ አንድ ዙር ማለት አምስት ቀንድ አውጣ፣ አምስት ማዛጋት ማለት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ተቀምጠን ተዛጋብን። በሁለተኛው ሳምንት አጭር ዙር ዞርን። በሦስተኛው ሳምንት ከጋሼ ጆሮ በቀር ማንም ወንበሩ ላይ አልተገኘም። ማንም አልከለከለንም፤ ይህን ስለ ክፍልዎ ክብር መመስከር እወዳለሁ። ስክሪኑ አዛጋብን እንጂ ማንም ክፉ ቃል አልተናገረንም።

ጋሼ ጆሮ ጆሮ የተባሉት ለከንቱ አይደለም፤ የሚያልፍ አውቶቡስ የትኛው ጎማው እንደ ታመመ ጀርባቸውን ሰጥተው ሳለ የሚለዩ ሰው ናቸው። እኒህ ሰው ለሦስት ወር ያህል ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ ስክሪኑ በስማቸው ላይ ሲያዛጋ "ምስኪን፣ እንቅልፍ አልጠገበም" እያሉ፣ የሰንጠረዡ መጨረሻ ላይ ጸንተው ቆዩ። ከስማቸው በታች ያለው የግድግዳው ቀለም ብቻ ነበር።

፬ኛ፦ ሠላሳ አራት ቁጥርን በሚመለከት።

ያለፈው ሳምንት ሐሙስ የሆነውን አሁን እጽፋለሁ። በዋዜማው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ላይ፣ ሠላሳ አራት ቁጥር አውቶቡስ ለወርኃዊ የፍሬን ምርመራ ገብታ፣ በስክሪኑ "መብረቅ" በሚባል የጨዋታ ስም የሚታወቅ አንድ ሠራተኛ ጎማዎቹን ሁሉ በደንቡ መሠረት መርምሮ በአሥራ አራት ደቂቃ ውስጥ አረንጓዴ ሰጥቷታል። እሳቱም ነደደ፣ ጭብጨባውም ተሰማ።

ሐሙስ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሹፌሯ ሠላሳ አራትን አስነሥታ ወደ ዋናው በር ስትነዳ፣ ጋሼ ጆሮ በሩ አጠገብ ቆመው ቱታቸውን እየለበሱ ነበር። አንድ እጃቸው እጅጌው ውስጥ፣ አንዱ ውጭ እንደ ሆነ መንገዱ መሐል ገብተው ቆሙ። ሹፌሯ መስኮት ከፍታ "ጋሼ፣ ረፈደብኝ! ምን ሆኑ?" አለቻቸው። "የቀኝ የኋላው እየተናገረ ነው" አሏት። "ስክሪኑ አረንጓዴ ሰጥቶኛል እኮ!" ብትላቸው፣ "ስክሪኑ አብሮሽ ይሳፈራል እንዴ፣ ልጄ?" አሉና በኋላ በር ገብተው ከቀኝ የኋላው ጎማ በላይ ተቀመጡ። "በይ ወደ ቁልቁለቱ" አሉ። የሠሩት እሳቸው አልነበሩም። የሠራው ሰው ባለመቀመጡ ነው እሳቸው የተቀመጡት።

ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ሹፌሯ ፍሬኑን ረገጠች፤ አውቶቡሷ እንዳልሰማች ሆነች። ደግማ ረገጠች። በግራ የነዳጅ ጋኑ፣ ፊት ለፊት አጥሩ፣ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ በዚያ ሰዓት ሰው የሚሰለፍበት የክሊኒኩ ፌርማታ ነበረ። ይህች ሴት እጇ ይባረክ፣ መሪውን ጠምዝዛ ከአሮጌ ጎማዎቹ ክምር ጋር አላተመቻት። ግንባሯ አበጠ። የጋሼ ጆሮ ቀኝ እጅ አንጓው ላይ ተሰበረ፤ ቡሎን የሚያዳምጠው እጅ።

ድምፁን ሰምቶ ጎሚስታው ክሪኩን ፈትቶ ሮጠ፤ ኤሌትሪሺያኗ ሮጠች፤ ጥበቃው፣ አጣቢዎቹ፣ ሁሉም ታብሌታቸውን እየጣሉ ሮጡ። ባዶው አዳራሽ ውስጥ ስክሪኑ ብቻውን ቀረ፤ አምስት ደቂቃ ሲሞላም ማዛጋት ጀመረ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ዘጠኝ ጊዜ። በዚያ ማለዳ ከሰንጠረዡ ላይ ቀንድ አውጣ ያልወጣበት አንድ ስም ብቻ ነበረ። ሁሉም ሲሮጥ ያልሮጠ፣ ባለበት ደርቆ ቆሞ ጣቱ በልማድ መስተዋቱን መታ መታ የሚያደርግ አንድ ሰው ነበረ ማለት ነው። ለዚህ ንቁ ሠራተኛ ስክሪኑ የዕለቱን "የጽናት ኮከብ" ሸልሞታል።

፭ኛ፦ ሰኞን በሚመለከት።

ክፍልዎ በማግስቱ ያወጣውን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ ቋንቋው ውብ ነው። አውቶቡሷ በመዝገቡ መሠረት በዋዜማው ተመርምራ ጤነኛ ስለነበረች፣ ብልሽቱ የደረሰው "ሠራተኛው ያለ ፈቃድ ወደ ግቢ ከመለሷት በኋላ" ነው ይላል። ስለዚህ ጋሼ ጆሮ መውጫዋን በማዘግየት አሥራ አምስት፣ በንብረት ጉዳት ሁለት መቶ ነጥብ ተቀንሶባቸው፣ ቀድሞም የመጨረሻ ስለነበሩ፣ ጉዳያቸው ለሰኞው ኮሚቴ ተመርቷል። ለወትሮው አንድ ቡሎን ለመግዛት አሥራ አምስት ቀን የሚፈጅባችሁ ሰዎች፣ ሠላሳ አራትን ግን ከሌላው ግቢ ጋር ባለን የግቢዎች ውድድር ወደ ኋላ እንዳንቀር በዚያው ዕለት በውጭ ጋራዥ አሠርታችሁ ለመንገድ አበቃችኋት። የተቀየረው የፍሬን ሸራ የት ገባ ብሎ የጠየቀ የለም። ጥያቄ ነጥብ የለውማ።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላል ያገሬ ሰው። ለአይጧ አክሊል ደፍቶ ስሟን ግድግዳ ላይ መስቀል ግን የእርስዎ ክፍል የጨመረው ማሻሻያ ነው።

ጋሼ ጆሮን ትናንት ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው። እጃቸው በጀሶ ታስሮ፣ በግራ እጃቸው የመልስ ወረቀት ሊጽፉ እየታገሉ አገኘኋቸው። ባለቤታቸው "እባክህ ወንድሜ፣ አንተ ጻፍለት፤ መብረቅ የሚባለው ማን እንደ ሆነ ኮሚቴው ይጠይቅለት" አሉኝ። ጋሼ ጆሮ ቀና ብለው አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ለባለቤታቸው "ተዪው፤ ያ ሰው ይቀመጥበታል" አሏቸው። እኔም ወንበሩ ስለ ቆረቆረኝ ቶሎ ተነሥቼ ወጣሁ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ግቢ ተመለስሁ። ተረኛዬ አሥራ ሁለት ቁጥር ነበረች። ጎማዎቿን ሁሉ አንድ በአንድ ፈታሁ፤ ሸራዎቹን በጣቴ ዳሰስሁ፤ ገጠምሁ፤ ከዚያ ታብሌቱን ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ትቼ ገብቼ ተቀመጥሁ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ስክሪኑ እስከ ነዳጅ ጋኑ ድረስ እየተሰማ አምስት ጊዜ አዛጋብኝ። ስመለስ አክሊሉ የጎሚስታው ሆኗል። በመግቢያዬ በጥልቅ ሐዘን ያስታወቅሁት ክስተት ይኸው ነው።

ልመናዬ አንድ ነው፦ ኮሚቴው ሰኞ ሲቀመጥ፣ መዝገቡ "ተመርምሯል" የሚለው ጣት መስተዋት መንካቱን እንጂ እጅ ጎማ መንካቱን እንደማያውቅ ይነገረው። አንዱን ጭብጨባ፣ አንዱን ጥሪ፣ አንዷን የልጅ ፊት፣ አንዱን ደግሞ ዝምታ ነው ከአልጋ የሚያስነሣው፤ ይህን ሁሉ ጠይቀውን፣ ነግረንዎት፣ በጽሑፍ በእጅዎ ላይ አለ። ለአራታችንም አንድ አክሊል ከሚሰቅሉልን፣ ለሚቀመጥ ሰው አንድ ቁልፍ ቢያስገቡ ኖሮ ዛሬ ጋሼ ጆሮ በቀኝ እጃቸው ይጽፉ ነበር።

ውድ ጊዜዎን ስለ ተሻማሁብዎት ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ይህን ደብዳቤ አንብበው ሲጨርሱ ታብሌትዎን አምስት ደቂቃ ሳይነኩ እንደሚቆዩ ስለማውቅ፣ ቀንድ አውጣዋ በስምዎ ላይ በቀስታ እንድትወጣ፣ ስክሪኑም በእርስዎ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲያዛጋ ከልብ የምመኝ፣ ታዛዥና ባለ አምስት ነጥብ አገልጋይዎ፣

ከሁለተኛው የፍሬን ጉድጓድ

አባሪ፦ አንድ የፍሬን ሸራ፣ የሠላሳ አራት ቁጥር የቀኝ የኋላ፣ ማያያዣ ሪቬቱ እስኪታይ ያለቀ። የውጭ ጋራዡ ቁርጥራጭ ብረት በርሜል ውስጥ እስከ ክርኔ ገብቼ ያወጣሁት ስለ ሆነ ስለ ጠረኑ ይቅርታ።

ግልባጭ፦
ለዲሲፕሊን ኮሚቴ
ለሹፌሯ (ግንባሯ ደህና እንደ ሆነ ተስፋ በማድረግ)
ለጋሼ ጆሮ ባለቤት
ለስክሪኑ

ማስታወሻ፦ ሠላሳ አራት ቁጥር የፊታችን ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ማለትም ከኮሚቴው ስብሰባ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላ፣ ቁልቁለቱን ትወርዳለች። በልማዳችን መሠረት የሠራ ሰው በሠራው ላይ ይቀመጣልና፣ ይህን ጨዋታ የሠሩት እርስዎ ስለ ሆኑ፣ ከቀኝ የኋላው ጎማ በላይ ያለውን የመስኮት ዳር ወንበር ጠርጌ ይዤልዎታለሁ። ነጥብ የለውም።

እርማት፦ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የተገኙት ስሕተቶች እንደሚከተለው ታርመው እንዲነበቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በመግቢያው "ከእኔ ስም ላይ ወርዶ" የተባለው "እኔ አውርጄው" ተብሎ ይነበብ። በተራ ቁጥር ፩ የተዘለለው የእኔ መልስ "ሰው ሲያየኝ" የሚል ነበር፤ ጨዋታው በእርስዎና በእኔ ልክ የተሰፋ መሆኑ ከዚህ ይታወቅ። በተራ ቁጥር ፬ "መብረቅ በሚባል የጨዋታ ስም የሚታወቅ አንድ ሠራተኛ" የተባለው "እኔ" ተብሎ፣ "ጎማዎቹን ሁሉ በደንቡ መሠረት መርምሮ" የተባለውም "የቀኝ የኋላውን ጎማ ሳይፈታ፣ መሣሪያ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ቁልፉን ብቻ ተጭኖ" ተብሎ ይነበብ። ለሰኞ ሦስት ሰዓት በወጣው የኮሚቴ መጥሪያ ላይ የተጻፈው ስምም በዚሁ መሠረት ይታረም።